ጉድጓዴ እየጎደለ ነው፣ የቲማቲሙ ቅጠልም ቢጫ ሆኗል። ውሃ ልጨምር?

ጀማሪ ገበሬ፦ ሰላም ለሁላችሁ። 1000 ካሬ ሜትር ላይ ቲማቲም አለኝ። ከጉድጓድ በሞተር እየሳብኩ በየቀኑ ለ2 ሰዓት ያህል በቦይ አጠጣለሁ። ሰሞኑን የጉድጓዱ ውሃ እየወረደ ነው፣ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆኗል፣ ቀትር ላይ ደግሞ ተክሉ ይጠወልጋል። ውሃ አንሶት ይሆን? ሰዓት ልጨምር ወይስ ጉድጓዱን ላስጠልቀው?

ቦይ ቀያሽ፦ መጀመሪያ ለካ ወንድሜ። ሞተሩ ውሃ የሚተፋበት ላይ የ20 ሊትር ባልዲ ደቅንና በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ንገረን። ካጠጣህ በማግስቱ ደግሞ ተክሉ አጠገብ ቆፍረህ ከሥር አካባቢ ያለውን አፈር ጨብጠው።

ጀማሪ ገበሬ፦ 10 ሰከንድ። አፈሩ ጭቃ ነው፣ ስጨብጠው በጣቶቼ መሃል ይወጣል። ይሸታልም።

ቦይ ቀያሽ፦ በቃ፣ ውሃ በዝቶበታል። በሰከንድ 2 ሊትር ማለት በ2 ሰዓት 14,400 ሊትር ነው። ያደገ ቲማቲም በደረቅ ወቅት በቀን 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበቃዋል፤ 1 ሚሊ ሜትር በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ስለሆነ ላንተ መሬት 5,000 ሊትር ነው። በቦይ የሚባክነውን ጨምረህ 8,000 በለው። ከዚያ በላይ ያለው ሥሩን አየር ያሳጣዋል፣ ማዳበሪያውንም አጥቦ ወደ ታች ይዞት ይወርዳል። የቀትሩ መጠውለግ ብቻውን ጥም ነው ማለት አይደለም። ጠዋት ላይም ጠውልጎ ካገኘኸው ያኔ አፈሩን እይ።

እናት መሬት፦ ልጄ፣ ለጥቂት ቀን ተወውና ይተንፍስ። ከዚያ በማለዳ አጠጣ፣ መደቡን በደረቅ ሣር ጎዝጉዘው። ፀሐይ ከአፈሩ ላይ የሚወስደው ውሃ ቀላል እንዳይመስልህ።

ጠብታ፦ አቅሙ ካለህ ጠብታ መስኖ (ውሃውን በትናንሽ ቀዳዳ ባለው ቱቦ ሥሩ ላይ የሚያንጠባጥብ) አስገባ፣ ማጣሪያ ግን እንዳትረሳ፣ አለዚያ ቀዳዳው ይደፈናል። አንድ ነገር አደራ፦ በቆጠብከው ውሃ ሌላ መሬት ላልማ ካልክ ጉድጓዱ እንደዚያው ይደርቃል። ሰው ከሚቀዳው ንጹህ ውሃ 70 በመቶ ያህሉ ለእርሻ ነው የሚውለው። ከሥር ያለውን ውሃ ጎረቤትህም ይቀዳዋል፣ ልጆችህም ይፈልጉታል።

ጀማሪ ገበሬ፦ ከ3 ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። አሁን በሁለት ቀን አንዴ ነው የማጠጣው፣ 2 ሰዓት ብቻ። አዲሱ ቅጠል አረንጓዴ ነው፣ በጉድጓዱ ገመድ ላይ ያሰርኩት ምልክትም ካለበት አልወረደም። አበባ ሲበዛ ልጨምርለት?

ቦይ ቀያሽ፦ ፍሬ ሲይዝ ትንሽ ይፈልጋል። ግን መጀመሪያ ቆፍረህ ጨብጥ፣ ከዚያ ሞተሩን አስነሳ።