ስኳር ያለባት እናቴ እግሯ ሲቃጠል አልተሰማትም፣ እርዱኝ

የማሚ ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ። እናቴ ስኳር ከያዛት ቆይቷል። ትናንት ቡና ስታፈላ ፍም ወድቆ እግሯ ላይ አረፈ፣ እሷ ግን ወሬዋን ቀጥላለች፣ ሽታው ሸቶኝ ያየሁት እኔ ነኝ። አሁን ሀኪም ቤት እንሂድ ስላት ካላመመኝ ምን አስሄደኝ ትላለች። ቆዳዋ ደህና ሆኖ እንዴት አይሰማትም?

ሲስተር ሰኒ፦ እህቴ ዛሬውኑ ውሰጃቸው፣ የሚያስፈራው አለማመሙ ነው። የእግር ምርመራም ጠይቂ፣ አይናቸውን አስጨፍነው በቀጭን የናይለን ክር የውስጥ እግራቸውን ጫን እያረጉ ሲነካዎት ይንገሩኝ ይሏቸዋል፣ ክሩ በ10 ግራም ጫና የሚጎብጥ ነው፣ እሱን ካላወቁ እግራቸው ሳያውቁት ሊቆስል ይችላል ማለት ነው።

ፊዚዮ ተማሪ፦ ቆዳ ውስጥ ለየስሜቱ የተለያየ ተቀባይ አለ፣ ሜርክል የሚባለው ጫናን፣ ፓቺኒ ንዝረትን ይይዛል፣ ቃጠሎን ደግሞ እርቃኑን ያለ የነርቭ ጫፍ ነው የሚያውቀው። ጫፉ ላይ ቲአርፒቪ1 የምትባል ፕሮቲን አለች፣ ሙቀቱ 43 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ትከፈትና ካልሲየምና ሶዲየም ይገባል፣ መልእክቱ በነርቩ ወደ ጭንቅላት ይሄዳል (ይቺንና የንክኪዋን ፒዬዞ2 ያገኙት ዴቪድ ጁሊየስና አርደም ፓታፑቲያን ናቸው፣ በ2021 እ.ኤ.አ ኖቤል ተሸለሙ)። ስኳር ነርቩን ነው የሚጎዳው፣ ረጅሞቹ ቀድመው ስለሚጎዱ ከእግር ጣት ይጀምራል። ቆዳው ደህና የሚመስለው ለዛ ነው።

የማሚ ልጅ፦ በአይኗ እያየች ትጠንቀቅ ልበላት?

ፊዚዮ ተማሪ፦ አዎ፣ ግን አይንንም ስኳር አይምረውም። ብርሃን የሚቀበሉት ሮድና ኮን የሚባሉ ሴሎች ሬቲና (የአይን የውስጥ ጀርባ ሽፋን) ላይ ናቸው፣ ስኳር የሬቲናን ቀጫጭን የደም ስሮች ያበላሻል፣ መጀመሪያ ላይ ምንም ምልክት ላይኖረው ስለሚችል በየአመቱ የአይን ምርመራ ያስፈልጋቸዋል።

አስታማሚው፦ እኔ አባቴን ማታ ማታ እግሩን አየዋለሁ፣ በጣቶቹ መሀል ሳይቀር። ጫማ ከማድረጉ በፊት እጄን ከትቼ እፈትሻለሁ፣ ጠጠር ገብቶበት ሙሉ ቀን ሲሄድበት አያውቀውም ነበር። የመታጠቢያውን ውሃ እኛ እንለካለን እሱ በእግሩ አይሞክረውም፣ በባዶ እግር መሄድ ቤት ውስጥም ቢሆን ክልክል ነው።

የማሚ ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ አሳምኛታለሁ ልንወጣ ነው። ጎረቤት ቅቤ ቀቢው እያሉኝ ነው?

ሲስተር ሰኒ፦ ኧረ እንዳትቀቢው! ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አይሆንም፣ ውሃ የቋጠረም ካለ አታፍርጪው፣ በንጹህ ጨርቅ ሸፍነሽ ውሰጃቸው። የስኳር መድሃኒታቸውን ያዢ፣ የቴታነስ ክትባትም ያስፈልጋቸው እንደሆነ ጠይቂ።