ሥራዬን ከእጄ መልቀቅ አቅቶኛል
ደሴ ውስጥ፣ ያለ አሳታሚና ያለ አቀናባሪ፣ በቤቴ ራሴን ችዬ የምሠራ ሙዚቀኛ ነኝ። የተቸገርሁበት ሥራ በአምባሰል ቅኝት የተዘጋጀ ሲሆን፣ በጆሮዬ የቃኘሁት ክራር ከኪቦርዱ ቋሚ ድምፆች ጋር በጥቂቱ ስለሚጋጭ፣ ኪቦርዱን ዛሬ አውጥቼ ነገ መልሼ አስገባዋለሁ። ከልካይ አለመኖሩ (ብዙዎች የሚመኙት ነጻነት እንደሆነ አውቃለሁ) ለእኔ ማብቂያ የሌለው እርማት ሆኖብኛል። የወሎ አዝማሪ በየሰርጉ ግጥሙን እየለዋወጠ ስለሚጫወት የመጨረሻ ቅጂ አያስጨንቀውም፤ የተቀዳ ሥራ ግን አንዴ ከወጣ እንደወጣ ይቀራል። ሥራችሁን በራሳችሁ ያወጣችሁ ባለሙያዎች፣ እርማቱን በምን መለኪያ እንደምታቆሙ፣ እንዲሁም ክራሩን ሳልነካ ኪቦርዱን በክራሩ ልክ መቃኘት ያዋጣ እንደሆነ እንድታስረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።