ከደብረ ማርቆስ እስከ እንጅባራ በዝግታ፤ ለጠጅ የት እንቁም?

ባለሚኒባሱ፦

ጤና ይስጥልኝ። በጥቅምት መጨረሻ ከአባቴና ከባለቤቴ ጋር ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም ልንነሣ አስበናል። የአሮጌውን ሚኒባሴን የኋላ ወንበሮች አስነቅዬ የእንጨት አልጋ አሠርቼበታለሁ፤ ከአልጋው ሥር የውኃ ጀሪካን፣ ቡታጋዝና ጀበና ይገባሉ።

አባቴ የደምበጫ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሰባ ስምንት ነው። ይህን መንገድ በአውቶቡስ ብዙ ጊዜ አብረን ሄደናል። ሁልጊዜ በመስኮት እያሳዩኝ «ያ ዛፍ ያለበት፣ እዚያ እኮ...» ይላሉ፤ ጨርሰው ሳይነግሩኝ ቦታው ከኋላችን ይቀራል። አሁን መኪናው የራሴ ነው። ቆሜ፣ ሞተር አጥፍቼ፣ እስከ መጨረሻው ልሰማቸው እፈልጋለሁ። ስለዚህ ሁለተኛውን ቀን ከደብረ ማርቆስ እስከ እንጅባራ ላለው መንገድ ብቻ ሰጥቼዋለሁ።

እሳቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በማር የተጣለ የጎጃም ጠጅ። የምነዳው እኔ ነኝ። የት፣ በስንት ሰዓት ብንቆም ይሻላል?

የቁልቁለት ሾፌር፦

ስለ ጠጁ የሚያውቁ ይንገሩህ፤ እኔ ስለ ዓባይ በረሃ ልናገር። አልጋና ውኃ የጫነ አሮጌ ሚኒባስ ከጎሐ ጽዮን ሲወርድ በፍሬን ብቻ ከተማመንክ ፍሬኑ ይግላል። በሁለተኛ ማርሽ፣ ሳትቸኩል ውረድ። ፀሐይ ሳትጠና ድልድዩ ጋ ድረስ፤ ወደ ደጀን ስትወጣ ሞተሩን የሚፈትነው ሙቀቱ ነው። በ2001 ዓ.ም. በጃፓን ድጋፍ ተሠርቶ የተከፈተው ድልድይ ከአሮጌው አጠገብ ነው። አባትህ በአሮጌው የተሻገሩበትን ዘመን የሚያወሩልህ ይመስለኛል።

የመንቆረር ልጅ፦

ወንድሜ፣ ጠጁን የቀኑ መጨረሻ አድርገው። ይህን የምልህ ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። አንድ ጊዜ በምሳ ሰዓት ቆመን ሁለት ብርሌ ጠጣሁ። ከዚያ በኋላ መንዳት አልቻልኩም፤ መንገድ ዳር ተኝቼ ስነቃ ፀሐይ ልትገባ ነበር። ያን ያህል የተመኘሁትን የዘንገናን ሐይቅ በጨለማ አለፍኩት። ያንተ መኪና አልጋ አለው፤ የዚህ አልጋ ትልቁ ጥቅም የምታድርበት ቦታ ከቆምክ በኋላ ቁልፉን ለባለቤትህ ሰጥተህ ያለ ሥጋት መጠጣት መቻልህ ነው።

መንገዱ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከማርቆስ ቡና ጠጥታችሁ በ2 ሰዓት ተነሡ። አማኑኤልን አልፋችሁ ደምበጫ ስትደርሱ ሰዓትህን አትይ፤ የቀኑ ግማሽ እዚያ ቢያልቅም ለአባትህ ይገባቸዋል። ጅጋንና ፍኖተ ሰላምን ሳትቆሙ ብታልፉም አይቆጭም። ቡሬ ላይ ምሳ ብሉ። ከቡሬ በኋላ አገሩ ይለወጣል፤ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ዲከረንስ የተባለው ዛፍ በየኮረብታው ይታያል፣ መንገድ ዳር የቀርከሃ ወንበር ይሸጣል። ዘንገና እንጅባራ ከመድረሳችሁ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ከዋናው መንገድ አጠገብ ነው። ክብ ነው፣ ዙሪያው ደን ነው፤ 9 ሰዓት ላይ ብትደርሱ ጀበናውን እዚያ አውጡት። ከዚያ እንጅባራ ግቡና ዘበኛ ያለው የሆቴል ግቢ አስፈቅዳችሁ መኪናውን አቁሙ። ጠጁ ያኔ።

ሌሊቱ ይበርዳል፤ ለአባትህ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ያዝ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ደግሞ ከመነሣታችሁ በፊት እዚያው ካለ ዘመድ ጠይቅ፤ ከመሸ አትንዳ።

ጠጅ ጣይዋ፦

እኔ ያደግሁት ኮሶበር ነው፤ እናንተ እንጅባራ የምትሉት ማለት ነው። እናቴ ጠጅ ጣይ ነበረች፣ እኔም ነኝ። የመንቆረር ልጅ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ ወሩን ግን አላየውም። በጥቅምት መጨረሻ አዲሱ ማር ገና እየተቆረጠ ነው። ያን ጊዜ የምታገኙት ጠጅ በግንቦትና በሰኔ ማር የተጣለ ነው። እሱም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የአደይ አበባና የኑግ ማር ጠጅ ለመቅመስ እስከ ኅዳር መጨረሻ ጠብቁ። ማሩ ተበጥብጦ፣ ሰፈፉ ተገፎ፣ ጌሾው ገብቶ እስኪበስል ሳምንታት ይፈልጋል።

ጠጅ ቤት ስትገቡ ወዲያው አትዘዙ። «ሰፈፉን አሳዩኝ» በሉ። ማር ከነሰፈፉ የምትበጠብጥ ሴት ሰፈፉን አትጥለውም፤ በደስታ ታሳያችኋለች። በስኳር የጣለች የምታሳየው የላትም። ዓይን የሚወጋ ቢጫ ጠጅ ካያችሁ እኔ ብሆን እወጣለሁ። ለአባታችን መካከለኛውን እዘዝላቸው፤ ደረቁ ለሆዳቸው ይከብዳል። ባለቤትህ ቁልፉን የምትይዝ ከሆነ ለእሷ ብርዝ ይቅረብላት፤ ገና ያልፈላ ስለሆነ አያሰክርም።

ባለሚኒባሱ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጉዞውን ወደ ኅዳር መጨረሻ አዘዋውረነዋል። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ ቡሬ ላይ ምሳችን ሽሮ ይሆናል፤ ባለቤቴም በብርዙ ተስማምታለች።

ምላሾቻችሁን ለአባቴ አነበብኩላቸው። የሰፈፉ ነገር ላይ ሲደርስ አስቆሙኝና እናታቸው ሰፈፉን እየጨመቁ ሻማ ይሠሩበት እንደነበረ ነገሩኝ፤ እስከ ዛሬ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ማታ ደግሞ ከቡፌው የራሳቸውን ብርሌ አውጥተው፣ በጋቢ ጠቅልለው፣ ከአልጋው ሥር ከጀበናው አጠገብ አስቀመጡት።