በወርሃዊ ዜናችን ስለሚወጣው የበጎ ፈቃድ ጥሪ ምክር እጠይቃለሁ
በአሜሪካ በሚገኝ አንድ የፖስታ አዳዮች የሠራተኛ ማኅበር ቅርንጫፍ ለአባላት የሚላከውን ወርሃዊ ዜና የማዘጋጀው እኔ ነኝ። በሜይ ወር ሁለተኛ ቅዳሜ በሚካሄደው አገር አቀፍ የምግብ ማሰባሰብ ዘመቻ፣ ነዋሪዎች በፖስታ ሳጥናቸው አጠገብ የሚያስቀምጡትን የማይበላሽ ምግብ አዳዮቹ ከመደበኛ ሥራቸው ጋር ይሰበስባሉ፤ ሆኖም በየፖስታ ጣቢያው ምግቡን ተቀብሎ የሚለይና ወደ ምግብ ባንክ (ለችግረኞች ምግብ ወደሚያከፋፍል ድርጅት) የሚሄደውን የሚጭን በጎ ፈቃደኛ እያጣን ነው። ጥሪው ከውል ድርድርና ከቅሬታ ዘገባዎች በታች ስለሚወጣ እዚያ ድረስ የሚያነበው ጥቂት ነው፤ ወደ ፊት ላምጣው ስል ደግሞ አባላት መዋጮ የሚከፍሉት በቅድሚያ ለደመወዛቸው ጉዳይ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሳል (እኔም በከፊል እስማማለሁ)። ጥሪውን ለብቻው መላክ ይሻላል ወይስ ሰዓቱንና ሥራውን ለይቶ በጣቢያ ተወካዮች በኩል ማስመዝገብ? በተለይ ጡረተኛ አባላትን በማሳተፍ የተሳካላችሁ፣ ከዘመቻው ምን ያህል ቀደም ብላችሁ እንደጠራችኋቸው ብትገልጹልኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።