ሰሜን ኮሪያ ወይስ ኢራን? በጦር መሣሪያ ይበልጥ የምታሰጋው የትኛዋ ናት?

ማርቆስ_መምህር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ ላይ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ቅዳሜ በዚህ ርዕስ ይከራከራሉ። ሁለቱም ወገን «ቦምብ አላት፣ የላትም» ከሚለው አላለፉም። በምን ሚዛን ይለኩት?

ጮቄ፦
መምህር፣ በእጅ ያለውን፣ ማድረሻውንና የመጠቀም ፍላጎቱን ለያይተው ያስይዟቸው። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሰሜን ኮሪያ ትበልጣለች። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2017 ስድስት ጊዜ የኑክሌር ቦምብ ሞክራለች። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን የነዳጁን ነገር ነው። ፈሳሽ ነዳጅ የሚጠቀም ሚሳኤል አብዛኛውን ጊዜ ሊተኮስ ሲል ይሞላል፤ ሙሌቱ ጊዜ ይፈጃል፣ ሳተላይትም ሊያየው ይችላል። በ2023 የተሞከረው ሚሳኤሏ ህዋሶንግ-18 ግን ጠጣር ነዳጅ ነው፤ እንደተሞላ ይቀመጣል። ለዚህ ብቻ እንኳ ሰሜን ኮሪያን አስቀድማለሁ።

አባይ_ማዶ፦
ኢራንን «ቦምብ የላትም» ብሎ መዝጋት ስህተት ነው። ዩራኒየም ከመሬት ሲወጣ ለቦምብ የሚሆነው ክፍሉ 0.7 በመቶ ብቻ ነው፤ ማበልጸግ የሚባለው ይህን ድርሻ ከፍ ማድረግ ነው። ከኃያላኑ ጋር የተፈረመው የ2015ቱ የኑክሌር ስምምነት ኢራንን 3.67 በመቶ ላይ ገደባት፤ አሜሪካ በ2018 ጥላው ወጣች፤ በ2021 ኢራን 60 ደረሰች። ለቦምብ 90 ገደማ ይፈለጋል። ተማሪው 60 ሲባል ሁለት ሦስተኛው መንገድ ይመስለዋል፤ አይደለም። እንደ አረቄ ነው፦ ቀኑን የሚፈጀው ከጥንስሱ እስከ መጀመሪያው ጠብታ ያለው ነው፣ ዳግሙን ማውጣት አጭር ነው። በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ስሌት 60 በመቶ የደረሰ 42 ኪሎ ገደማ፣ ይበልጥ ቢጣራ፣ ለአንድ ቦምብ ይበቃል። ከጁን 2025ቱ የእስራኤልና የአሜሪካ ድብደባ በፊት ኢራን ከ400 ኪሎ በላይ ነበራት። እርግጥ ነው፣ ቁሱ ብቻውን ቦምብ አይሆንም፤ ሚሳኤል ጫፍ ላይ እስኪገጠም ሌላ ብዙ ሥራ አለ።

ተከዜ፦
ፊርማን እንደ ዋስትና አታስቆጥሯቸው። ጣልያን የመርዝ ጋዝ የሚከለክለውን እ.ኤ.አ. የ1925ቱን የጄኔቫ ፕሮቶኮል አጽድቃ ነበር። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ግን ከጎጃም የዘመተው የራስ እምሩ ጦር ተከዜ ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ከአውሮፕላን ወረደበት። ጭምብል ቢኖር እንኳ ይህ ጋዝ ቆዳ ያቃጥላል፤ የተረጨውን ሣር በባዶ እግሩ የረገጠ ወታደር እግሩ ይላጣል። ጣልያንን ያደፋፈራት በዚያው መሣሪያ የሚመልስላት አለመኖሩ ይመስለኛል። ስለዚህ «የምታሰጋው ማንን ነው? ያስ መመለስ ይችላል?» ብለው ይነሱ።

ማርቆስ_መምህር፦
«ማንን» የሚለው ጥያቄያችን ውስጥ አልነበረም። እኛን ቢባልስ?

ጮቄ፦
እኛንማ ኢራን። የየመን ታጣቂዎቹ ሁቲዎች በእሷ ንድፍ በተሠሩ ድሮንና ሚሳኤሎች ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕርና በባብ ኤል መንደብ ዙሪያ መርከቦችን መትተዋል። ከሜዲትራኒያን ወደ ጅቡቲ የሚመጣ መርከብ የሚያልፈው በዚያው 30 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ሰርጥ ነው፤ ካልደፈረ አፍሪካን በደቡብ ዞሮ ይመጣል። የጫነው ማዳበሪያ ከሆነ፣ በቆሎው ሳይደርስለት ይዘራል።