ክርክር፦ ሜዳሊያው ለማን አንገት?

ጥቅልል፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሥራ ቦታ የጀመርነው ጭቅጭቅ አልቋጭ ስላለ ለእናንተ ላቅርበው ብያለሁ። በእኛ ሙያ፣ ማለትም ሱፐርኮንዳክተርን (በጣም ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም እንቅፋት የሚያሳልፍ ቁስ) ከቤተ ሙከራ አውጥቶ ማግኔት፣ ሽቦና መለኪያ በማድረግ ሥራ፣ የታወቁ የሙያ ዘመን ሽልማቶች አሉ። የአይ ትሪፕል ኢ (የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር) የሱፐርኮንዳክቲቪቲ ካውንስል «ለቀጣይና ጉልህ አስተዋጽኦ» ብሎ የሚሰጠው አለ። ለቁሳቁስ ሰዎች በጄምስ ዎንግ ስም የተሰየመ አለ። ሙያውን በአገልግሎት ለደገፉ የማክስ ስዌርድሎ፣ ለሥራ ፈጣሪዎች ደግሞ የካርል ሮዝነር። የሚጠራው የግለሰብ ስም ነው። ብዙ ጊዜ ጸጉሩ የሸበተ ሰው።

ጥያቄዬ ይህ ነው። አሠራሩ እንዲሁ ይቀጥል? ወይስ ሽልማቱ ለቡድን ይሁን? እኔ ለቡድን ይሁን ባይ ነኝ። ማግኔት የአንድ ሰው ሥራ ሆኖ አያውቅም። እስቲ ስደቡኝ።

ዜሮ ኦም፦
ግማሽ መንገድ ሄደህ ለምን ትቆማለህ? ጭራሹኑ ይቅር። ሙያው ሲወለድ ይዞት የመጣ በሽታ እኮ ነው። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ልጻፍ፣ ሁላችንም የለመድነው እሱን ነው።) 1911፣ ላይደን። ሜርኩሪው ወደ 4.2 ኬልቪን (ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ገደማ) ሲጠጋ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ለኤሌክትሪክ ያለው እንቅፋት፣ ድንገት ጠፋ። ልኬቱ ላይ የነበረው ጊልስ ሆልስት ነው። ማቀዝቀዣውን የያዘው የቴክኒክ ኃላፊው ጌሪት ፍሊም ነው። ጽሑፉ የወጣው በማን ስም ነው? በፕሮፌሰሩ በካመርሊንግ ኦነስ ብቻ። በ1913 ኖቤል የተቀበለስ? እሱው። መቶ ምናምን ዓመት አለፈ፤ ዛሬም እዚያው ነን።

ደሞ ሽልማት ጠብ ነው የሚያመጣው። በ2003 ለኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በማግኔት ለሚያሳየው የሕክምና መሣሪያ) ኖቤል ሲሰጥ የቀረው ሬይመንድ ዳማዲያን ሙሉ የጋዜጣ ገጽ እየገዛ ተቃወመ። ማግኔቱን የሠሩት ሰዎችማ ጠቡ ውስጥ እንኳ አልተነሱም።

አሮጌው ዲዋር፦
ዜሮ፣ ታሪኩን በግማሽ አትንገር። ኖቤሉ የተሰጠው ሬዚስታንስ ለጠፋበት ለዚያ አንድ ቀን አይደለም። ሂሊየምን ፈሳሽ እስከማድረግ ለደረሰው የዝቅተኛ ሙቀት ሥራ ነው። ሰውዬው ላይደን ላይ ፕሮፌሰር የሆነው በ1882 ነው። ሂሊየም ፈሳሽ ሆኖ እጁ የገባው በ1908። ሃያ ስድስት ዓመት! በመሃሉ ፓምፕ፣ ቧንቧ፣ ብርጭቆ የሚነፋ ሰው ሲያደራጅ ነበር። በ1901 የመሣሪያ ሠሪዎች ትምህርት ቤት አቋቁሟል። የሠለጠነ እጅ ከሰማይ አይወርድም። የሆልስት ስም ጽሑፉ ላይ መኖር ነበረበት፣ እሱን አልክድም። የሙያ ዘመን ሽልማት ግን እንዲህ ያለውን ጥርቅም ሥራ ለማክበር ነው የመጣው።

ሌላም ልጨምር። ጆሴፍሰን ሁለት ሱፐርኮንዳክተሮች በስስ ሽፋን ተለይተው ሲጋጠሙ ምን እንደሚሆን የተነበየበትን ጽሑፍ በ1962 ሲያወጣ የ22 ዓመት ተማሪ ነበር። በ1973 ኖቤል አገኘ፣ እሰየው። የዓለም ቮልት በእሱ ውጤት እንዲለካ ስምምነቱ ሥራ ላይ የዋለው ግን በ1990 ነው። ከወረቀት እስከ መለኪያ 28 ዓመት። አንድ መጋጠሚያ የሚሰጠው ቮልቴጅ ኢምንት ነው። ስለዚህ ሺዎችን አንድ ቺፕ ላይ ደርድሮ ሁሉም እኩል እንዲታዘዙ ማድረግ ግድ ነው። ይህን የሠሩ ሰዎች «አገኘሁት!» ብለው የጮሁበት አንድ ቀን የለም። ዘንድሮ ትንሽ፣ ከርሞ ትንሽ። የሙያ ዘመን ሽልማት ከቀረ እነዚህን ማን ያያቸዋል?

ፍሉክስ፦
ጋሼ ዲዋር፣ ያሉት ያሳምናል። ግን ሽልማቱ ሲደርስ ሰውየው ጡረታ ወጥቷል እኮ። የሚያስፈልገው ያኔ ነበር። የምርምር ገንዘብ ሲለምን፣ ቋሚ ቅጥር ሲፈልግ፣ አለቃው «ይሄ ሽቦ የትም አይደርስም» ሲለው። አሁንማ የግድግዳ ጌጥ ነው።

ወጣት ቢካተት ደሞ ሰማይ አይደፋም። የ2025ን የፊዚክስ ኖቤል ተመልከቱ። ክላርክ፣ ዴቮሬ፣ ማርቲኒስ። የኳንተም ባሕርይን በሱፐርኮንዳክተር ሰርኪት ያሳዩበት ሙከራ በ1984 እና በ1985 ሲሠራ ክላርክ ፕሮፌሰር ነበር። ዴቮሬ ዶክትሬቱን ጨርሶ የመጣ ተመራማሪ፣ ማርቲኒስ ገና ተማሪ። ሦስቱም አብረው ተጠሩ።

ዜሮ ኦም፦
ከ40 ዓመት በኋላ! ተማሪውም ሸብቶ!

ፍሉክስ፦
😂 እሺ፣ እሷን ወሰድክ።

ፊላመንት፦
እኔ የሽቦ ሰው ነኝ። ከጥቅልል ጋር ነኝ፣ ለቡድን ይሁን። ለኢተር (የኑክሌር ውህደት የሙከራ ማሽን) ብቻ ከ100,000 ኪሎ ሜትር በላይ የኒዮቢየምና ቆርቆሮ ሽቦ ተመርቷል። የምድርን ወገብ ሁለት ጊዜ ተኩል ይዞራል። ዘጠኝ አምራቾች ናቸው የሠሩት። አንዱን ሽቦ ቆርጣችሁ ጫፉን በማይክሮስኮፕ ብታዩት በሺዎች የሚቆጠሩ ክሮች ተጠጋግተው ታያላችሁ። እያንዳንዱ ከጸጉር ይቀጥናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለእኛ ተረት አይደለም፣ የማምረቻ መመሪያ ነው።

ይህ ሽቦ ጠባዩም አስቸጋሪ ነው። መጀመሪያ ይጠቀለላል፣ ከዚያ ወደ 650 ዲግሪ የሚደርስ እቶን ውስጥ ለቀናት ይቆያል። ከእቶን ከወጣ በኋላ እንደ ሸክላ ነው፤ ብታጥፈው ይሰነጠቃል። ኩንዝለርና ባልደረቦቹ ቁሱ በ8.8 ቴስላ (ቴስላ የማግኔት መስክ መለኪያ ነው) ውስጥ ብዙ ከረንት እንደሚሸከም ያሳዩት በ1961 ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ሰው እቶን አጠገብ አድሯል? የማንኛውን አንገት ትመርጣላችሁ?

ለብዙ ሰው መስጠት ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። ለቴቫትሮን (በሱፐርኮንዳክተር ማግኔት ለሚሠራ የቅንጣት ማፋጠኛ) የአሜሪካ ብሔራዊ የቴክኖሎጂ ሜዳሊያ በ1989 ለአራት ሰው ነው የተሰጠው፦ ለሔለን ኤድዋርድስ፣ ለሪቻርድ ለንዲ፣ ለሪች ኦር፣ ለአልቪን ቶለስትረፕ። ለአራት ከተቻለ ለአርባ ምን ይከለክላል?

አሮጌው ዲዋር፦
ለአርባ ሲሆን ሜዳሊያ መሆኑ ይቀርና የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ይሆናል። በነገራችን ላይ የካውንስሉ ሜዳሊያ ከኒዮቢየም የተሠራ ነው። ወደ 9 ኬልቪን ብታወርደው ራሱ ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል። አንገት ላይ እያለ ግን አይሞከርም።

ብየዳ፦
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እዚህ ካላችሁት ውስጥ በእጇ የምትሠራ ቴክኒሻን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሥራዬ መገጣጠሚያ ነው። የአንዱ ማግኔት ኬብል ካለቀበት የሌላውን አስተኝቼ እበይዳለሁ።

ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ሁለቱ ኬብሎች ተደራርበው መዳብ ቤት ውስጥ ይገባሉ። በመሃላቸው የቆርቆሮና የብር ቅይጥ ይገባል። ይሞቃል፣ ይቀልጣል፣ ይረጋል። ሙቀቱ ካነሰ ቅይጡ ሁሉም ቦታ አይደርስም። ከበዛ ቀልጦ ይፈስና ውስጡ ባዶ ይቀራል። ችግሩ ጥሩውም መጥፎውም ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። ሁለቱም ያብረቀርቃሉ። እኔ ሲረጋ ድምፁን እሰማለሁ ብል ትስቁብኛላችሁ፣ ስለዚህ አልልም።

መስከረም 2008 ትልቁ የሴርን (የአውሮፓ የቅንጣት ምርምር ማዕከል) የቅንጣት ማፋጠኛ ማሽን ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ማሽኑ ውስጥ 1,232 ትልልቅ ዲፖል (ጨረሩን የሚያጠመዝዙ) ማግኔቶች አሉ፣ በ27 ኪሎ ሜትር ዋሻ። የመጀመሪያው ጨረር በዞረ በዘጠነኛው ቀን አንድ መገጣጠሚያ እምቢ አለ። አንድ! ቅስት ፈጠረና የሂሊየሙን ማቀፊያ በሳው። ወደ 6 ቶን ሂሊየም ተለቀቀ። 53 ማግኔቶች ከዋሻው ወጡ። ማሽኑ ዳግም የተነሳው በኅዳር 2009 ነው።

ያን ጊዜ ዓለም ሁሉ መገጣጠሚያ ምን እንደሆነ አወቀ። ሌሎቹ አሥር ሺህ ገደማ መገጣጠሚያዎች ግን ያን ቀን ዝም ብለው ተቀምጠው ነበር። ዝም ላለ መገጣጠሚያ የሚጨበጨብበት ቀን የለም።

እና የቡድን ሽልማት የምትሉትን እኔ አልፈልገውም። አንዴ ደርሶናል፣ ከየት እንደሆነ አልናገርም። አለቃ መድረክ ወጣ፣ አለቃ ንግግር አደረገ፣ እኛ የጋራ ፎቶ ላይ ከኋላ ቆምን። ፎቶው ላይ ግማሽ ፊቴ በአንድ ረጅም ሰው ትከሻ ተሸፍኗል። ቡድን ሲባል ስም ይጠፋል። እኔ የምፈልገው ስም ነው።

ጥቅልል፦
ብየዳ፣ በቡድን ሐሳቤ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቸለስሽበት።

ፊላመንት፦
ቀዝቃዛ ሂሊየም በል።

ዜሮ ኦም፦
ይኸው! እኔስ ምን አልኩ? ለአንድ ሰው ስትሰጥ ሌላው ይጠፋል፣ ለሁሉም ስትሰጥ ሁሉም ይጠፋል። ይቅር።

ብየዳ፦
ይቅር ስትል ማን እንደሚጎዳ አስበህ ታውቃለህ ወንድሜ? ፕሮፌሰሩማ ጽሑፍ አለው፣ ተማሪ አለው፣ ስሙ ቀመር ላይ ይቀራል። እኔ ነኝ ከሽልማት በቀር የሚያወሳኝ የሌለኝ። ይቅር ማለት ለጠገበ ይቀላል።

ዜሮ ኦም፦
እ... እሺ። በዚህ በኩል አላየሁትም።

አሮጌው ዲዋር፦
አሁን ወደ ቁም ነገሩ ደረሳችሁ። እኔ በዚህ ዓይነት ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ አውቃለሁ፤ የትኛው እንደሆነ ይቅር። ሰው ኮሚቴው ዓለምን ዞሮ የሚገባውን የሚፈልግ ይመስለዋል። አይደለም። ጠረጴዛው ላይ ፋይል ይቀርባል። ጠቋሚው የጻፈው ማብራሪያ፣ ከሱ ጋር የድጋፍ ደብዳቤዎች። ፋይል ከሌለህ የለህም። በእኔ ጊዜ አንድም ቀን የቴክኒሻን ፋይል ከፊታችን መጥቶ አልጣልንም። መጥቶ ስለማያውቅ!

«አፍ ያለው ያግባሽ ወይስ ከብት ያለው?» ስትባል ምን እንዳለች ታውቃላችሁ። የዳኝነቱ ነገር ቁርጥ እሱን ነው። ያሸነፈው ሁልጊዜ ትልቁን ሥራ የሠራው አይደለም። ሦስት ጥሩ ጸሐፊ ጓደኞች ያሉት ነው። ይህን ስል አሸናፊዎቹ አይገባቸውም ማለቴ አይደለም። የሚገባቸው ናቸው። የሚገባቸው ግን እነሱ ብቻ አልነበሩም።

ፍሉክስ፦
ታዲያ ጋሼ፣ ሕጉ ቴክኒሻን አይጠቆም ይላል?

አሮጌው ዲዋር፦
እኛ የያዝነው መመሪያ እንደዚያ አይልም ነበር። አስተዋጽኦ ነው የሚለው። ጽሑፍ ብዛት መቁጠር የእኛው ልማድ ነው። ቀላል ስለሆነ። የመገጣጠሚያ ጥራት እንዴት ትቆጥራለህ?

ፊላመንት፦
ይቆጠራል እንጂ! በናኖ ኦም፣ በሬዚስታንስ መለኪያ። እያንዳንዱ ሲለካ ይመዘገባል።

የእኔም ሐሳብ ትንሽ ተለወጠ። በ2021 ከአዲሱ ሪብኮ ቴፕ (ሴራሚክ ሱፐርኮንዳክተር የተለጠፈበት ጥብጣብ) የተሠራው ትልቅ ማግኔት 20 ቴስላ ሲደርስ 267 ኪሎ ሜትር ቴፕ ነው የገባበት። መሠረቱን ቤድኖርዝና ሙለር በ1986 አገኙት፣ በዓመቱ ኖቤል ወሰዱ። ከዚያ ቴፑ ለዚህ እስኪበቃ ሠላሳ ምናምን ዓመት። ጥቂት ማይክሮን የሚሆን ሴራሚክ ብረት ላይ ለጥፎ፣ ሳይሰነጠቅ በኪሎ ሜትር ማውጣት ቀልድ አይደለም። ያን ሽፋን ያስተካከሉ እጆች ስም አላቸው። እኔ ራሴ ቢያንስ ሁለቱን አውቃለሁ። ጠቁሜያቸው ግን አላውቅም። ሼም ነው።

ፍሉክስ፦
እኔ ግን አሁንም ቀደም ብሎ ይሰጥ ባይ ነኝ። በዚህ አትገላግሉኝም።

አሮጌው ዲዋር፦
አንገላግልህም። ቀደም ብሎ ጠቁም፣ ማን ያዘህ?

ጥቅልል፦
ሁለት ቀን ጠፋሁ፣ ይቅርታ። የብየዳ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

እኔ ጋ ኮይል የሚጠቀልል አንድ ሰው አለ። ጋሼ ነው የምንለው፣ ስሙን እዚህ አልጽፍም። እኔ ተማሪ ሆኜ ስገባ እዚያው ነበር። ማግኔት ኩዌንች ሲያደርግ፣ ማለትም አንድ ቦታ ሞቆ ሱፐርኮንዳክተርነቱን ሲያጣና ከረንቱ ሁሉ ወደ ሙቀት ሲቀየር፣ እኛ ኮምፒውተር ላይ እንጣዳለን። እሱ ማግኔቱን በእጁ ዳብሶ «ስድስተኛው ንብርብር ላይ ነው» ይላል። ሁለት ጊዜ ፈትተን አየን፣ ሁለቱንም ጊዜ ልክ ነበር። በሱ ኮይል እኔ ስድስት ጽሑፍ አውጥቻለሁ። ስሙ ያለው መጨረሻ ላይ ምስጋናው ውስጥ ነው። በሁለቱ ላይ ደሞ የአባቱን ስም አሳስቼ ጽፌዋለሁ።

ዛሬ ሄጄ «ልጠቁምህ ነው» አልኩት። «ለምን?» አለ። «ለሽልማት።» «ጡረታዬ ሊደርስ ነው፣ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ወደ ማጠንጠኛው ዞረ። ትንሽ ቆይቶ ግን «ፎቶ ያስፈልጋል እንዴ?» አለኝ።

ጋሼ ዲዋር፣ ማብራሪያው ላይ ምን ልጻፍ? ጽሑፍ የለው፣ ፓተንት የለው።

አሮጌው ዲዋር፦
የሠራቸውን ኮይሎች ዘርዝር። የትኛው ማሽን ላይ እንዳሉ፣ ስንት ዓመት ሳይፈቱ እንደሠሩ። ማስረጃ ግን ያስፈልጋል። ያለ ማስረጃ ከጻፍክ ውዳሴ ነው የሚሆነው፣ ኮሚቴው ውዳሴ ሰልችቶታል።

ብየዳ፦
ደብተር አለው። እመነኝ፣ አለው። እንዲህ ያለ ሰው ደብተር ሳይዝ አይሠራም። ቁምሳጥኑን አስከፍት። አንዱን የድጋፍ ደብዳቤ እኔ እጽፋለሁ፣ የቴክኒሻን ደብዳቤ የሚቀበሉ ከሆነ።

አሮጌው ዲዋር፦
ጻፊው። የማይቀበሉ ከሆነ ለምን እንደሆነ በጽሑፍ ይንገሩሽ።

ጥቅልል፦
አሥራ አንድ ደብተር። በእርሳስ፣ ቀን በቀን፣ ስንተኛ ዙር ላይ ውጥረቱ ስንት እንደነበር ሳይቀር። አንዳንዱ ገጽ ላይ የእኔ ስም አለ፦ «ልጁ ቸኩሏል፣ እንደገና ይጠቅለል።»

ገና ሦስተኛው ላይ ነኝ።