ስፓይደርማን 2 ከመጀመሪያው ክፍል ይበልጣል የሚባለው በምኑ ነው?

ናቲ_ፍሬም (ጠያቂ)

የዳይሬክተር ሳም ሬይሚ ስፓይደርማን 2 ስሙ በተነሳ ቁጥር «ከሱፐር ሂሮ ተከታይ ክፍሎች አንደኛ» የሚል ሰው አይጠፋም። በገቢ ከሄድን ግን የ2002ቱ የመጀመሪያ ክፍል ከ820 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲያስገባ የ2004ቱ ሁለተኛ ክፍል ከ780 ሚሊዮን ጥቂት አልፎ ቆሟል። በጀቱ ደግሞ ከ139 ወደ 200 ሚሊዮን ገደማ አድጓል። ታዲያ የሚበልጠው በምኑ ነው? «ልብ ይነካል» ብቻ ብላችሁ አትለፉኝ፤ ትዕይንቱን ጠቅሳችሁ አሳዩኝ። ሁለት ትንንሽ ጥያቄዎችም አሉኝ፦ 2.1 የሚባለው ቅጂ በሲኒማ ቤት ከታየው ይሻላል? ሁለተኛው ክፍል ላይ ብቻ ስክሪኑ ከላይና ከታች ሰፋ ብሎ የሚጠቁረውስ ለምንድን ነው? የመጀመሪያው ቲቪውን ሊሞላው ምንም አይቀረውም።

ስክሪፕት_በእጅ

ከድርሰቱ ልጀምር። የመጀመሪያው ክፍል ግማሹን ጊዜ የጨረሰው ልጁ እንዴት ሸረሪት እንደሆነ በመተረክ ነው። ሁለተኛው ያንን ሁሉ በመክፈቻው ላይ ስሞች ሲያልፉ በኮሚክ ሠዓሊው በአሌክስ ሮስ ሥዕሎች አሳይቶ ይገላገላል። ከዚያ በቀጥታ ፒዛ።

የፒዛ ቤቱን ሒሳብ ልብ በሉ፦ ትዕዛዙ በ29 ደቂቃ ካልደረሰ ክፍያ የለም። 21ዱ አልፏል። ስምንት ትልልቅ ፒዛ፣ 42 ብሎክ፣ ሰባት ደቂቃ ተኩል። ፒዛ አድራሹ ፒተር (ስፓይደርማን ራሱ) በሞተሩ እንደማይደርስ ሲገባው ልብሱን ቀይሮ በድር መወንጨፍ ይጀምራል። መሃል መንገድ ላይ መኪና ሊገጫቸው የደረሰ ሁለት ሕፃናት ያያል፤ ፒዛውን አንድ ሰገነት ላይ አስቀምጦ ያድናቸዋል። ሲመለስ አንዱ ቁራሽ አንስቶ ሊጎርስ ነው። በመጨረሻ ሕንጻው ውስጥ ከመጥረጊያ ማስቀመጫ ክፍል ሲወጣ መጥረጊያዎቹ እላዩ ላይ እየወደቁ ከበሩ ጋር ይታገላል፤ ፒዛው ግን ዘግይቷል፤ ሒሳብ የለም፤ ሥራውም ሄደ።

ቀሪው ፊልም በዚሁ ሒሳብ ይሄዳል። አክስት ሜይ ለልደቱ የሰጠችውን 20 ዶላር አከራዩ ከእጁ መንጭቆ ይወስዳል። ጋዜጣው ለፎቶው የከፈለው 300 ዶላር ቀድሞ የወሰደውን ብድር እንኳ አይሸፍንም። መኪና ማሳደድ ውስጥ ገብቶ የሚወዳትን የሜሪ ጄንን ቲያትር ሲደርስበት በሩ ተዘግቷል። ጀግናው ሰው ባዳነ ቁጥር ከኪሱ ወይም ከወዳጆቹ አንድ ነገር ይጎድላል፤ ጉድለቱም ተቆጥሮ ይታያል። ስለዚህ ልብሱን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሲጥለው ማንም «ምን ነካው?» አይልም። ያ ምስል በ1967 ከወጣው የኮሚኩ (የሥዕል መጽሔቱ) 50ኛ እትም የተወሰደ ነው፤ ሥዕሉን የሚያውቅ ወዲያው ይለየዋል።

ክንድ_አራተኛ

ድርሰቱ ላይ የተባለው ልክ ነው፤ እኔ ግን ልዩነቱን ፊት ላይ ነው የማየው። የመጀመሪያው ክፍል ትልቁ ስህተት የክፉው ገጸ ባሕርይ የጎብሊን ጭንብል ነው። ዊለም ዳፎን የመሰለ ፊት ያለው ተዋናይ ቀጥረህ በማይንቀሳቀስ አረንጓዴ ፕላስቲክ ትሸፍነዋለህ? ጣሪያ ላይ ሁለቱ የሚነጋገሩበትን ትዕይንት እዩት፤ ሁለት የራስ ቁር ቆመው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሁለተኛው ክፍል ላይ ክፉውን ኦክታቪየስን የሚጫወተው የአልፍሬድ ሞሊና ፊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ክፍት ነው፤ አደጋው ያለው ከጀርባው በሚወጡት ክንዶች ነው።

ክንዶቹ ሁልጊዜ ኮምፒውተር አይደሉም። ቀረብ ባሉት ቀረጻዎች የሚታዩት ከቀላል ጎማ የተሠሩ እውነተኛ አሻንጉሊቶች ናቸው፤ ባንድ ላይ 45 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ፤ ሞሊና ወገቡ ላይ በታጠቀው የብረትና የጎማ ቀበቶ ይያያዛሉ። ለእያንዳንዱ ክንድ አራት አንቀሳቃሽ፣ በድምሩ 16 ሰው። እነዚህ ሰዎች ትዕይንቱን ከሞሊና ጋር አብረው ይለማመዱ ነበር፤ እሱ ትከሻውን ሲያዞር ክንዱ ተከትሎት እንዲዞር። ሞሊና ስም አውጥቶላቸው ነበር፦ ላሪ፣ ሃሪ፣ ሞ እና ፍሎ። ፍሎ ከላይ በቀኝ ያለችው ናት፤ መነጽሩን የምታወልቅለት፣ ረቂቁን ሥራ ሁሉ የምትሠራው እሷ ናት። ሕንጻ ላይ ሲወጣና ሲራመድ ግን ወደ ሲጂአይ (በኮምፒውተር ወደተሠራ ምስል) ይቀየራል፤ እዚያ ላይ ባንኩን ለቀው ግድግዳ ላይ ሲደባደቡ ሰውነታቸው ላስቲክ ይመስላል፤ ዛሬ ሲታይ ያስታውቃል። ያም ሆኖ በ2005ቱ ኦስካር የቪዥዋል ኢፌክትን ሽልማት የወሰደው ይሄ ነው። የመጀመሪያው ታጭቶ ነበር፣ አላገኘም።

ሆስፒታሉን ሳላነሳ አላልፍም። ሐኪሞቹ ክንዶቹን በመጋዝ ሊቆርጡ ይዘጋጃሉ። ሙዚቃ የለም። የመጋዙ ድምፅ፣ ጩኸት፣ የሚገለባበጥ ዕቃ። አንዷ ሴት ወለሉን በጥፍሯ እየቧጠጠች ወደ ጨለማው ትጎተታለች። ሬይሚ በአስፈሪ ፊልም የጀመረ ሰው መሆኑ የሚታወቀው እዚህ ነው፤ ልጆች በሚያዩት ፊልም መሃል ደም ሳያፈስ አስደንግጦ ይወጣል።

ቢቂላ_ካሜራ

ባቡሩን ማንም አላነሳውም እንዴ? ኦክታቪየስ የፍጥነት መቆጣጠሪያውን እስከ ጥግ ገፍቶ ይሰብረዋል። ፒተር በመጀመሪያ እግሩን ሐዲዱ ላይ ያሳርፋል፤ እንጨቶቹ እየተሰባበሩ ያልፋሉ እንጂ ባቡሩ አይቆምም። ቀጥሎ በግራና በቀኝ ወዳሉት ሕንጻዎች አንድ አንድ ድር ይተኩሳል፤ የሕንጻዎቹ ፊት ተገንጥሎ ይመጣል። በሦስተኛው ደጋግሞ ብዙ ድር ይተኩስና ሁሉንም በሁለት እጁ ይይዛል። አሁን ክብደቱ ብዙ ቦታ ስለተከፋፈለ ድሩም ሕንጻውም ይችላል፤ የማይችለው የሱ ገላ ነው። ልብሱ ይቀደዳል፤ የባቡሩ ግንባር ከጀርባው ይጎብጣል። ሁለት ጊዜ ሳይሳካለት ባናይ ኖሮ ሦስተኛው ባላስጨነቀን። ጭንብሉን ቀድሞ አውልቆታል፤ ስለዚህ ጭንቁን ፊቱ ላይ እናነባለን፤ ክንድ_አራተኛ ስለ ፊት ያለው እዚህም ይሠራል።

ከተማዋን የሚያውቅ ግን ይስቃል። ማንሃተን መሃል ከተማ ላይ እንዲህ ያለ ከፍ ብሎ የሚሄድ ሐዲድ የለም። የተቀረጸው ቺካጎ ነው።

ተቃዋሚው

ሁላችሁም ስታሞግሱ አንድ ሰው መቃወም አለበት። የፒተር ኃይል የሚጠፋበት ሕግ የታለ? አንዴ ድሩ እምቢ ይላል፣ አንዴ ዓይኑ ይደክምና መነጽር ያጠልቃል፣ የሚወዳት ስትጠለፍ ሁሉም ባንዴ ይመለሳል። ጭንቀት ነው በሉኝ፤ እሺ፣ ግን ደራሲው በፈለገው ሰዓት የሚያበራውና የሚያጠፋው ማብሪያ ነው የሚመስለው።

ሳይንሱማ አይነሳ። ትሪቲየምን፣ የሃይድሮጅን ዓይነት ጋዝ የሆነውን፣ እንደ ከበረ ድንጋይ በእጅ ይይዙታል። ኦክታቪየስ የሚሞክረው ፊውዥን (አተሞችን አዋህዶ ኃይል ማመንጨት) ደግሞ ሁኔታው ትንሽ ሲዛባ ራሱ የሚጠፋ ነገር ነው፤ ከተማ እየዋጠ የሚያድግ እሳት አይደለም፤ እነሱ «ፀሐይዋን» ወንዝ ውስጥ አስጥመው ይገላግሏታል። ሜሪ ጄን ደግሞ እንደ መጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ ታስራ ትጮኻለች። ቲያትር የምትሠራ፣ የራሷ ሐሳብ ያላት ሴት አድርገው ከጻፏት በኋላ ወደዚያ መመለሳቸው ያናድዳል። የፒተር ጓደኛ የሃሪ ታሪክም ለሦስተኛው ክፍል የተቀመጠ ቀብድ ነው።

ስክሪፕት_በእጅ

ተቃዋሚው፣ በሜሪ ጄን ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። በኃይሉ ግን አይደለም፤ ድሩ የሚከዳው ፒተር ሁለት ቦታ ሊሆን ሲል ነው፤ ከተቃጠለው ቤት ልጅቷን ያለ ምንም ኃይል ገብቶ ሲያወጣት ፊልሙ ጥያቄውን እየመለሰልህ ነው። ፎቅ ላይ አንድ ሰው መቅረቱን የሚሰማው ከወጣ በኋላ ነው፤ ያንን ትዕይንት ሳይቆርጡት መተዋቸው ድፍረት ነው።

ክንድ_አራተኛ

ናቲ፣ የቀሩህን ልመልስ። ጥቁሩ የቲቪህ ችግር አይደለም። የመጀመሪያው ክፍል የተሠራው በ1.85 ቅርጽ (ወርዱ የቁመቱ 1.85 እጥፍ) ስለሆነ ለዛሬ ቲቪ ይቀርባል፤ ሁለተኛው 2.35 ነው፤ ወደ ጎን ይረዝማል። አራት ክንድ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዘረጋ ሰው በጠባቡ ቅርጽ ቢቀረጽ ወይ ክንዱ ይቆረጣል ወይ ሰውየው ያንሳል። ቲቪው ላይ «ዙም» ወይም «ሙላ» የሚለውን እንዳትነካ፤ የምታጣው ጎኑን ነው፣ ማለትም ክንዶቹን።

2.1 በ2007 የወጣው ስምንት ደቂቃ ያህል የተጨመረበት ቅጂ ነው፤ 127ቱ ወደ 135 ይሆናል። የጋዜጣው አለቃ ጄምሰን የስፓይደርማንን ልብስ ለብሶ ቢሮው ውስጥ የሚዘልበት አለው፣ ያስቃል። ስፓይደርማን ከአንድ ሰው ጋር አሳንሰር ውስጥ የሚቆምበት ትዕይንት ደግሞ በሌላ፣ ረዘም ባለ ቀረጻ ተተክቷል፤ ይሄኛው ላይ አልስማማም። የሲኒማ ቤቱ ቀረጻ የሚያስቀው ሁለቱ ሰዎች ብዙ ስለማይናገሩ ነው፤ ስፓይደርማን ልብሱ እንደሚያጣብቀው ብቻ ይናገርና ዝም፤ ከጀርባ የአሳንሰር ሙዚቃ። 2.1 ላይ ወሬው ሲበዛ ዝምታው ጠፋ። መጀመሪያ 127 ደቂቃውን እይ፤ ከዚያ ለጄምሰን ብቻ 2.1ን ክፈተው።